ወንዙ ሲበደል ማን ይከሳል?

ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። ይህ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው መካከሉን አፈረሱት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው ሲሻገር የነበረው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ እየተጎተተ ነው። በ1994 ዓ.ም. የፈረሰው ክፍል በብረት ተጠገነ። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ግን ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። በኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ድልድይ የማን ነው?

የሞጣ ነው? ከወንዙ ማዶ ያለው ሕዝብስ? የአንድ ሰው ነው እንዳንል የአንድ ሰው አይደለም። ማንም የኔ ነው ብሎ አይሸጠው፣ ለልጁም አያወርሰው። ግን በፈረሰ ጊዜ ሁሉም ተቸገረ። ሲሠራ ደግሞ ሁሉም ተሻገረበት። እንዲህ ያለው ነገር የወል ሀብት ይባላል።

ድልድዩ ብቻ አይደለም። ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሱሃና ሙጋ ያሉ ወንዞች የወል ሀብት ናቸው። የመንደሩ ምንጭ፣ የከብት ማሰማሪያው፣ በተራራው ወገብ ላይ ያለው ደን፣ እነዚህም የወል ሀብት ናቸው። የወል ሀብት ጥቅሙ ለሁሉም ነው። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። የሁሉም ስለሆነ ሲበደል "ተበደልኩ" ብሎ የሚቆም አይገኝም። የአንዱን ገበሬ በሬ የነዳ ሌባ በማግሥቱ ይከሰሳል። የመንደሩን ደን የጨረሰ ግን ዓመት ሙሉ ዝም ይባላል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው። ደን ሲጨፈጨፍ፣ ወንዝ ሲበከል፣ የወል መሬት ሲወሰድ ማን ይከሳል? ወዴትስ ይከሳል?

የርስት ሙግትና የወንዝ ሙግት

የጎጃም ሰው ለሙግት እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በርስት ጉዳይ ሲሟገቱ ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። ስንቅ ቋጥረው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ከዳኛ ዳኛ እየተመላለሱ ይከራከሩ ነበር። ተረቱም "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይላል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፣ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ናት። ሰው የሚቆጨው በነገሩ ማነስና መብዛት አይደለም፤ ፍርድ በማጣቱ ነው።

ነገር ግን ለርስት የሚሟገት ሰው አንድ ነገር ማሳየት ነበረበት። ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል። ሐረጉን ያልቆጠረ፣ "አንተ ምን አገባህ?" ተብሎ ይመለሳል። ለራስ ርስት ይህ አይከብድም። ለወንዝስ? ለደንስ? ወንዝን የወለደ አባት የለም። ሐረግ ቆጥሮ የደኑ ወራሽ ነኝ የሚልም የለም። ስለዚህ ወንዙና ደኑ ጠበቃ ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን አለፈ።

አቤት የሚባልበት በር ሲጠፋ ምን እንደሚከተልም አገራችን አይታለች። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች መጀመሪያ የያዙት የአቤቱታ ወረቀት ነበር። ሽማግሌ ልከው አቤት አሉ። ሰሚ ባጡ ጊዜ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ሄደ። መንግሥት ጦር ላከ፣ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። አቤቱታው አስቀድሞ ተሰምቶ ቢሆን ያ ሁሉ ሕይወት አይጠፋም ነበር። የሕግ በር መከፈቱ ለሀብት ብቻ ሳይሆን ለነፍስም ይበጃል የምንለው ስለዚህ ነው።

"አንተ ምን አገባህ?"

ይህ ጥያቄ የኛ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን እንመልከት። በ1982 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ መካከል ባለው በኡሁሩ መናፈሻ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ታሰበ። መናፈሻው ሕዝብ የሚያርፍበት የወል ቦታ ነው። ዋንጋሪ ማታይ የተባሉ ሴት ተነሡና "ይህ ቦታ የሕዝብ ነው፣ አይነካ" ብለው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ምን አላቸው? "በግልዎ የደረሰብዎ ጉዳት የለም፣ ስለዚህ መክሰስ አይችሉም" ብሎ መለሳቸው። በአማርኛ ቢሉት "አንቺ ምን አገባሽ?" ማለት ነው።

ወይዘሮዋ በፍርድ ቤት ተረቱ። ሆኖም ክሱ ነገሩን በአደባባይ አወጣው። ወሬው በዓለም ተሰማ፣ ገንዘብ ሊሰጡ የነበሩትም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ። መናፈሻው ዛሬም አለ። እሳቸውም በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለሙ። ከዚያም ኬንያ በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው ሕገ መንግሥት፣ ስለ አካባቢ የሚከስ ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት አያስፈልገውም ተባለ። "ምን አገባህ?" የሚለው ጥያቄ በሕግ ተሻረ ማለት ነው።

በሕንድ አገር ደግሞ ጋንጅስ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ። ካንፑር በምትባል ከተማ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደዚህ ወንዝ ይለቁ ነበር። አንድ ጠበቃ ከሰሰ። ጠበቃው በወንዙ ዳር መሬት አልነበረውም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ክሱን ተቀበለ። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ፍሳሻቸውን የሚያጣሩበት መሣሪያ ያልተከሉ ፋብሪካዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ። ጋንጅስ በዚህ ብቻ ጠራ ማለት አይደለም። ግን ወንዝም በዳኛ ፊት ጠበቃ ሊኖረው እንደሚችል ታወቀ።

በአገራችን ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 ይናገራል። ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው በአንቀጽ 44 ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል። መብትም ነው፣ ግዴታም ነው።

መብት በወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ለገበሬ ምን ያደርግለታል? መንገዱን ያሳየው በኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነው። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 በአጭሩ ሦስት ነገር ይላል።

አንደኛ፤ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ማንኛውም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ጥቅሜ በግል ተነክቷል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሐረግ ቁጠር የሚለው የለም። ምን አገባህ የሚለው የለም።

ሁለተኛ፤ አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይሮጥም።

ሦስተኛ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላስደሰተው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 60ው ቀን የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ዕለት ጀምሮ ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንያዛቸው። 30 እና 60። ቀን ያሳለፈ ሰው እውነት ይዞ ይረታል።

በዚያው ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት ይሠራል። በአካባቢ ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥናት መደረግ አለበት ይላል። ጥናቱም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት ይሰጥበታል። ስለዚህ በመንደራችን ፋብሪካ ሊተከል ወይም የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው ሲባል፣ "ጥናቱ የት አለ? እስቲ ይነበብልን" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መብት ነው።

የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ክስ

ይህ ሕግ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። የአቃቂ ወንዝ ከእንጦጦ በኩል ተነሥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። የሞጆ ወንዝም ወደ አዋሽ የሚሄድ ነው። በሁለቱም ወንዞች ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ይለቀቃል። በታች በኩል ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ አትክልቱን የሚያለማው በዚያው ውሃ ነው።

አፓፕ የተባለ የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ገደማ ስለ እነዚህ ወንዞች ተሟገተ። ድርጅቱ የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር። "ወንዞቹ ሲበከሉ ዝም ብለሃል፣ ሥራህን ሥራ" ነው ነገሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን አልተቀበለውም። የበከለው ባለሥልጣኑ ስላልሆነ በዚህ አዋጅ የሚከሰሰው እርሱ አይደለም የሚል ነበር የውሳኔው ፍሬ ነገር። ይግባኙም አልሠመረም። ስለ ውሃው ንጽሕና ክርክር ሳይደረግ መዝገቡ ተዘጋ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የኬንያዋ ሴት የተመለሱት "ማን ነሽ?" ተብለው ነው። የአቃቂና የሞጆ ክስ የወደቀው ግን "ማንን ከሰስክ?" በሚለው ነው። በሩ የተከፈተ ቢሆንም በተሳሳተ ሰው ላይ የቀረበ ክስ አይገባም። ስለዚህ የወል ሀብታችንን በሕግ ለመጠበቅ ስንነሣ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ ለይተን ማወቅ አለብን። ማስረጃም መያዝ አለብን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብለን እናስብ። በአንድ መንደር ከምንጩ በላይ ካለው የወል ደን ውስጥ አንድ ሰው ድንጋይ ማውጣት ጀመረ። ዛፉ ተቆረጠ፣ ምንጩ ደፈረሰ። መንደርተኛው ተሰብስቦ ያወራል። አንዱ ጎልማሳ "ሄደን መኪናውን እንሰባብር!" ይላል። አንድ አዛውንት ደግሞ "ተው ልጄ፣ ከሳሽ ሆነን ሳለን ተከሳሽ አታድርገን" ይሉታል። አዛውንቱ እውነት አላቸው። ታዲያ ምን ይደረግ?

1. መጻፍ። የሆነውን ነገር ከነቀኑ እንጽፋለን። የት ቦታ፣ መቼ፣ ማን፣ ምን አደረገ? ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ውሃው መቼ ደፈረሰ? ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ያንሣ። ያዩ ምስክሮች ስማቸው ይያዝ። "ሁሉም ሰው ያውቃል" የሚባል ማስረጃ የለም። ዳኛ የሚያየው የተጻፈውንና የተመሰከረውን ነው።

2. መመካከር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። መንደርተኛው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈርም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይወከል። ሴቶች በጉባኤው ይኑሩ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ የምንጩን ነገር ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

3. አቤት ማለት። አቤቱታው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ መሥሪያ ቤት ይቀራል። ሌላው ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ከኛ ጋር ይመለሳል። በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል። ወደ ክልሉ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚደርስ በወረዳው ይጠየቅ።

4. ቀን መቁጠር። አቤቱታው ከገባበት ዕለት ጀምሮ 30 ቀን እንቆጥራለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በብዙ ቦታ የመሥሪያ ቤትና የፍርድ ቤት ሥራ ተስተጓጉሏል። ሄዶ ዝግ ሆኖ ያገኘው ሰው የሄደበትን ቀን ይጻፍ፣ አብሮት የነበረውንም ምስክር ያድርግ። በኋላ ይጠቅመዋል።

5. መክሰስ። መልስ ካልተገኘ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ነው። ከዳኛው የምንጠይቀው ነገር ግልጽ ይሁን። ጉዳዩ እስኪወሰን ሥራው እንዲቆም እግድ እንጠይቃለን። ያበላሸው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል እንጠይቃለን። የተጎዳ ሰው ካለ ካሣ ይጠይቃል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በደኻ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

አቤቱታው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል። በባዶው ቦታ ላይ የራሳችሁን ሙሉ።

"ቀን ………
ለ……… መሥሪያ ቤት
ጉዳዩ፤ በወል ደንና በምንጭ ውሃ ላይ ስለደረሰ ጉዳት
እኛ በ……… ወረዳ በ……… ቀበሌ ነዋሪዎች ነን። ከ……… ቀን ጀምሮ ……… የተባለ ሰው ……… በሚባለው የወል ደን ውስጥ ድንጋይ እያወጣ ነው። በዚህም ምክንያት ……… ዛፎች ተቆርጠዋል፣ የምንጠጣውም ውሃ ደፍርሷል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ቦታውን አይቶ ሥራውን እንዲያስቆምልን፣ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጠን እናመለክታለን። ቃለ ጉባኤና የምስክሮች ስም አያይዘናል።
የተወካዮች ስምና ፊርማ ………"

አያችሁ፣ ረጅም አይደለም። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው በአንድ ምሽት ይጽፈዋል።

ፍርድ ቤት የማይሠራው ሥራ

ክስ ሁሉን ነገር አይፈታም። ዳኛ "ዛፍ አትቁረጥ" ብሎ ያዛል እንጂ ዛፍ አይተክልም። ዳኛ የሄደ አፈር አይመልስም። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን። ዓባይ ግንዱን ብቻ አይደለም ይዞ የሚሄደው፣ የማሳችንን አፈርም ነው። ይህን አፈር ሁልጊዜ ባዕድ ሰው አልገፈፈውም። ገደሉን ያረስነው፣ የወንዙን ዳር ድረስ ሞፈር ያስገባነው፣ የወሉን ግጦሽ በየዓመቱ በአንድ ትልም ወደ ራሳችን የገፋነው እኛው የሆንንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት ድንበራችንን እንይ። እርከን እንሥራ፣ ገደሉን ለዛፍ እንተው። የወል መሬት ድንበሩ ታውቆ እንዲመዘገብ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። ያልተመዘገበ መሬት ሲወሰድ ለማስመለስ ይከብዳል።

ክስ የቂም መወጫም አይሁን። ከጎረቤት ጋር የተጣላ ሰው "ለደኑ አስቤ ነው" ብሎ ቢነሣ ዳኛም ይታዘበዋል፣ ደኑም አይጠቀምም። በሽምግልና የሚያልቅ ነገር በሽምግልና ይለቅ። ዳሩ ግን ሽምግልና ያልመለሰው ሰው፣ ገንዘቡን ወይም ጉልበቱን ተማምኖ የወሉን ሀብት የሚያጠፋ ሰው ሲመጣ፣ ሕግ መኖሩን ማወቅ አለብን።

ሕጉ "ማንኛውም ሰው" ሲል እኛን ማለቱ ነው። በሱሃ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ማንኛውም ሰው ነው። ከምንጩ ውሃ የምትቀዳው እናት ማንኛውም ሰው ናት። ፊደል ቆጥሮ አቤቱታ መጻፍ የጀመረም ሰው እንዲሁ። ወንዝ አፍ የለውም። አፍ ያለን እኛ ነን።

የቃላት ፍች

የወል፤ የጋራ፣ የሁሉም የሆነ
ብክለት፤ ውሃን፣ አየርን ወይም አፈርን ማበላሸት፣ ማቆሸሽ
አቤቱታ፤ በደልን ለመሥሪያ ቤት ወይም ለዳኛ በጽሑፍ ማስታወቅ
እግድ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን አንድ ሥራ እንዲቆም የሚሰጥ የዳኛ ትእዛዝ
ይግባኝ፤ የታችኛውን ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ማቅረብ
ቃለ ጉባኤ፤ በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ የወል ሀብት የሆኑት ምን ምን ናቸው? ዘርዝሩ።
2. ለርስት በሚደረግ ሙግትና ለወንዝ በሚደረግ ሙግት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ክስ ለምን ወደቀ? እናንተ ብትሆኑ ማንን ትከሱ ነበር?
4. 30 ቀንና 60 ቀን የተባሉት ለምን ለምን ናቸው?
5. ከላይ ያለውን አቤቱታ በደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። በባዶው ቦታ ላይ የአካባቢያችሁን ችግር ሞልታችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።